ከፍዬ ተገላገልኩ ያልኩት ትኬት

የፍጥነት ትኬቱን፣ ማለትም የክስ ወረቀቱን፣ የጻፈልኝ ፖሊስ ጨዋ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከታች የማወራው ሁሉ የእሱ ጥፋት እንዳይመስል።

እሁድ ማታ ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ሻርሎትስቪል ክርስትና ተጠርተን በሩት 29 መንገድ ወደ አሌክሳንድሪያ እየተመለስን ነበር። ባለቤቴ ጎኔ እንቅልፍ ወስዷታል። እግሯ ሥር በፎይል የተሸፈነ ዶሮ ወጥ አለ። ባለ ድግሶቹ «ነገ ምሳ ይሆናችኋል» ብለው ያስያዙን ነው። ወጡ እንዳይደፋ አንድ ዓይኔ እዚያ ላይ ነበር። ሁለተኛው ዓይኔ የት እንደነበር አላውቅም፤ ፍጥነት መለኪያው ላይ ግን አልነበረም። ከኋላዬ ሰማያዊ መብራት ቦግ ሲል ሌላ ሰው የሚያባርር መስሎኝ ጥግ ይዤ ላሳልፈው ፈለግኩ። አላለፈኝም። ጥግ ያዘ።

«የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 55 ማይል በሆነ መንገድ ላይ 74 ስትነዳ ይዤሃለሁ» አለኝ። ወረቀቱን ሲያቀብለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጨመረ። «አንዲት ማይል ብትጨምር ኖሮ የምጽፍልህ ሌላ ወረቀት ነበር።»

ያኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ኋላ ነው የተረዳሁት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ካለፍክ፣ ወይም የመንገዱ ገደብ ምንም ይሁን ምን ከ85 በላይ ከነዳህ፣ ነገሩ የፍጥነት ትኬት መሆኑ ይቀራል። «ሪክለስ ድራይቪንግ»፣ በግዴለሽነት መንዳት፣ ይባላል። ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያመጣ ይችላል። የመንዳት መዝገብህ ላይም 11 ዓመት ይቀመጣል። በዚያ መንገድ ላይ 75 ወንጀል ነው፣ 74 ተራ ትኬት። እኔ በአንዲት ማይል ተረፍኩ። ወይም የተረፍኩ መሰለኝ።

በነጋታው ወጥ ቤት ቆሜ፣ ዶሮ ወጡ እስኪሞቅ ድረስ፣ ስልኬን አውጥቼ ከፈልኩ። መቀጮውና የፍርድ ቤቱ ወጪ ተደምሮ ወደ 180 ዶላር መጣ። ወረቀቱ ላይ የቀጠሮ ቀን ተጽፏል፤ ቀድመህ ከከፈልክ ግን መቅረብ አያስፈልግህም ይላል። ከዚህ የሚበልጥ ደግነት ከየት ይመጣል? ሥራ ማስፈቀድ የለ፣ መቶ ማይል ነድቶ መሄድ የለ፣ ዳኛ ፊት መቆም የለ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። «ተገላገልን» አልኳት ባለቤቴን፣ ሳህን እያቀረብኩ።

እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት ልማድ ነው። እኔ አዲስ አበባ ስነዳ ትራፊክ ሲይዝህ መንጃ ፈቃድህን ይቀበልሃል፣ ክስ ይጽፍብሃል፣ ሄደህ ትከፍላለህ፣ መንጃ ፈቃድህን ታወጣለህ። ጉዳዩ በአንተና በትራፊኩ መካከል ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ኢንሹራንሱ ይህን አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። ዋጋው ግን የሚወጣው በመኪናው ዓይነትና በሚሠራው ሥራ ነው እንጂ ሹፌሩ ስንት ጊዜ እንደተከሰሰ ተቆጥሮ አይደለም። የነጥብ ቅጣት ሲመጣም ሰው የፈራው መንጃ ፈቃዱን ነው። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ ያቆሙት ነጥቡ ተጠራቅሞ ከመንዳት ያግደናል ብለው ነው። የኢንሹራንስ ዋጋ ይጨምርብናል ብሎ ሰልፍ የወጣ አልሰማሁም።

ስለዚህ እኔም ስለ ነጥቡ ብቻ ነበር የተጨነቅኩት። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ፣ ድረ ገጽ ገብቼ የመንዳት መዝገቤን ገዛሁና አየሁ። ይህ ነገር ራሱ አንድ ታሪክ ነው።

ቨርጂኒያ ነጥብን በሁለት በኩል ትቆጥራለች። ስታጠፋ ትቀንስብሃለች፤ ሳታጠፋ ስትከርም ደግሞ ትጨምርልሃለች። አንድ ሙሉ ዓመት ያለ ጥፋትና ያለ እገዳ ከነዳህ አንድ የመልካም አነዳድ ነጥብ ታገኛለህ፣ እስከ አምስት ድረስ። ጥፋቱ ደግሞ እንደ ክብደቱ 3፣ 4 ወይም 6 ነጥብ ያስቀንሳል። ከገደቡ ከ10 እስከ 19 ማይል ማለፍ አራት ነው። እኔ አምስት ነበረኝ፤ ብዙ ዓመት ትራፊክ ነክቶኝ የማያውቅ ሰው ነኝ። አራት ሲቀነስ አንድ ይቀራል። መዝገቤ ላይ «+1» ይላል።

ፕላስ አንድ! አሁንም ከዜሮ በላይ ነኝ። መንግሥት ራሱ ጥሩ ሹፌር ነህ ብሎኛል ብዬ ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ትኬቱ የጥቅምት ነው። የኢንሹራንሱ እድሳት በመጋቢት መጣ። እዚህ አብዛኛው የመኪና ኢንሹራንስ የስድስት ወር ነው። ለስድስት ወር 780 ዶላር ስከፍል የነበርኩት ሰውዬ 968 ክፈል ተባልኩ። መጀመሪያ የሌላ ሰው ደብዳቤ መሰለኝ። አድራሻውን አየሁ፤ የእኔ ነው። የመኪናዬን ስም አየሁ፤ ያቺው አሮጊት ኮሮላ ናት።

ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት፣ ኮምፒውተሯን ስትነካካ ይሰማኛል። «መዝገብዎ ላይ አንድ የፍጥነት ጥፋት ተመዝግቧል» አለችኝ።

«አውቃለሁ፤ ግን ነጥቤ ፕላስ አንድ ነው።»

«እሱ የዲኤምቪ ነጥብ ነው፣ ጌታዬ። እኛ በራሳችን ነው የምናሰላው።»

ይህች ዓረፍተ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። እኛ አበሾች ስናወራ «ፖይንት፣ ፖይንት» እንላለን። ስንት ፖይንት ያዘብህ? ፖይንቱ መቼ ይወርዳል? ለካ ሁለት መዝገብ ነው ያለው። አንዱ የመንግሥት ነው፤ መንጃ ፈቃድህን እንድትይዝ ወይም እንድትነጠቅ የሚወስነው እሱ ነው። በ12 ወር ውስጥ 12 ነጥብ ስታጠራቅም ትምህርት ቤት ግባ ትባላለህ፤ 18 ከሞላ ደግሞ ለ90 ቀን ከመንዳት ትታገዳለህ። ሌላው የኢንሹራንስ ኩባንያው የራሱ ስሌት ነው። እሱ የአንተን ፕላስና ማይነስ አያይም። የሚያየው «ጥፋተኛ ተብሏል» የምትለዋን መስመር ነው። መስመሯን ካገኘ በራሱ ሠንጠረዥ ይተረጉማታል። ያንን ሠንጠረዥ አንተ አታየውም፤ ከኩባንያ ኩባንያም ይለያያል።

የበለጠ የገረመኝ ዕድሜው ነው። አራቱ ነጥብ ሁለት ዓመት ሲሞላው ይነሣል። ጥፋቱ ራሱ ግን መዝገቡ ላይ አምስት ዓመት ይቆያል። ኢንሹራንሶቹ ለተራ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ያያሉ፤ ለከባድ ጥፋት ከዚያም ያልፋሉ። እንግዲህ ነጥቡ ጠፍቶልኝ፣ በዲኤምቪ ዓይን ንጹሕ ሆኜ፣ ለኢንሹራንሱ ግን ገና ባለ ዕዳ ነኝ ማለት ነው።

ልጅቷን ጭማሪው እንዴት 188 ዶላር እንደመጣ ጠየቅኳት። አብራራችልኝ፤ ይህን ስላደረገች አመሰግናታለሁ። ከ188ቱ ውስጥ ስለ ጥፋቱ የተጨመረው 78 ብቻ ነው። ቀሪው 110 የጠፋ ቅናሽ ነው። ለካ እስከዛሬ «የጥሩ ሹፌር ቅናሽ» የሚባል ነገር ነበረኝ። ያለኝን ያወቅኩት ሲወሰድ ነው።

በዚያ ሳምንት ኮሎምቢያ ፓይክ አጠገብ ቡና የምንጠጣበት ቤት ገብቼ አንድ ጋሼ አገኘሁ። አርሊንግተን ታክሲ ሲነዱ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሁልጊዜ ግድግዳውን ተደግፈው፣ በሩን እያዩ ነው የሚቀመጡት። ታሪኩን ከመጀመሪያው ልነግራቸው ስል ገና ሻርሎትስቪል ላይ እንዳለሁ አቋረጡኝ።

«አንተ ልጅ፣ ከፈልክ?»

«ከፈልኩ፣ ጋሼ። በማግስቱ ነው የከፈልኩት።»

«በማግስቱ!» አሉ፣ ልጃቸው መኪና ገጨሁ ያላቸው ይመስል። «እንግዲያ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈርመህ ሰጠሃቸዋ።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ቀድሞ መክፈል ማለት መቀጮ መክፈል ብቻ አይደለም። ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው። ዳኛ ሳያይህ፣ አንተም ዳኛ ሳታይ፣ ጥፋተኛ ተብለህ ትመዘገባለህ። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ግን «መቅረብ አያስፈልግህም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ጣፋጭ ስለሆነች ሌላውን ዘለልኩት።

ጋሼ ናፕኪን ስበው ከኪሳቸው እስክርቢቶ አወጡ። «በስድስት ወር ስንት ጨመረብህ?» 188 አልኳቸው። «ሦስት ዓመት ስንት ስድስት ወር ነው?» ስድስት አልኩ። በእጃቸው አባዙት። 1,128። ከሥሩ 180 ጻፉ። ደመሩ። 1,308። ናፕኪኑን ወደ እኔ ገፉት። «ይኸውልህ፣ ያስያዙህ ዶሮ ዋጋ።»

የፍርድ ቤቱን መንገድ ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። ቀጠሮው ቀን ብትቀርብ ዳኛው የድሮ መዝገብህን ያያል። ንጹሕ ከሆነ የስምንት ሰዓት የአነዳድ ትምህርት ወስደህ ና ሊልህ ይችላል። ፍጥነቱን በአንድና በሁለት ማይል ሊቀንስልህም ይችላል። ፍጥነት መለኪያህን ጋራዥ አስመርምረህ ከትክክለኛው ፍጥነት በታች የሚያሳይ ከሆነ፣ ያንን ወረቀት ይዘህ መቅረብ ትችላለህ። ቋንቋ ካስቸገረህ ደግሞ አስተርጓሚ አስቀድመህ መጠየቅ ትችላለህ፤ አታፍርም። «ሁሉ ዳኛ አንድ አይደለም» አሉኝ። «ግን ያልሄደ ምንም አያገኝም።»

እሳቸው ራሳቸው ሌላ ዘዴም አላቸው። ዕድሜያቸው ከ55 አልፏል፤ ለዚያ ዕድሜ የተዘጋጀ ትምህርት ወስደው ኢንሹራንሳቸው ላይ ቅናሽ ያገኛሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሕግ ነው። ሲነግሩኝ ሽበታቸውን ነካ አድርገው ሳቁ።

ካላየሁ አላምንም ለሚል ሰው የወንድሜን ነገር ልንገር። ኡበርና ሊፍት የሚባሉትን በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ይነዳል። በዚያው ዓመት በጋ ላይ 55 በሆነ መንገድ 68 ሲነዳ ተያዘ። ሊከፍል ስልኩን አውጥቶ ነበር፤ ከእጁ ነጠቅኩት ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ጋራዥ ሄድን። መኪናው ሮለር ላይ ወጥቶ ተለካ። መለኪያው 65 ሲል ትክክለኛው ፍጥነት 68 ነው። በገጠር ገበያ የተጭበረበረ ሚዛን ያገኘን ያህል ደስ አለን። (ሚዛኑ የራሳችን መሆኑን የረሳን ይመስል።)

ቀጠሮው ጠዋት ነው። ፍርድ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ከስልሳ የማያንስ ሰው ተቀምጧል። የሥራ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ሕፃን ያቀፈች፣ ሱፍ ለብሶ የሚያላብ። ፖሊሶቹ በጎን በኩል ተደርድረዋል። ስም ይጠራል፣ ሰው ይነሣል፣ ፖሊሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ዳኛዋ ይጠይቃሉ፣ አለቀ። ከወንድሜ በፊት የተጠራው ሰውዬ ረጅም ክርክር ጀመረ። ሬዳሩ የተበላሸ ነው፣ ሌላ መኪና ነው የፈጠነው፣ ፖሊሱ ዛፍ ሥር ተደብቆ ነበር። ዳኛዋ እስኪጨርስ ጠበቁትና «ጥፋተኛ» ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ።

ወንድሜ ግን እንደተመካከርነው ነው የሆነው። ክርክር የለ። የጋራዡን ወረቀት አቀረበ፣ አጠፋሁ አለ፣ የምተዳደረው በመንዳት ነው አለ። ዳኛዋ ወረቀቱን አዩ፣ መዝገቡን አዩ። ሦስት ዓመት ነድቶ አንድ ጥፋት የለበትም። ትምህርቱን ጨርሶ በተባለው ቀን ማስረጃውን ካስገባ ክሱን እንደሚሰርዙለት ነገሩት። ሁለት ደቂቃ ተኩል። በኋላ መኪና ውስጥ ገብተን እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ትምህርቱን በኮምፒውተር ወሰደ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ጥያቄው ካልተመለሰ ገጹ አይቀጥልም፤ እሱ ነው የቀሰቀሰው። ጨረሰ፤ ማስረጃውን አስገባ፤ ክሱ ተሰረዘ። ጥፋተኛ የሚል መስመር የለም። መስመር ከሌለ ነጥብም የለም፣ ኢንሹራንሱም የሚያነበው ነገር የለም። የፍርድ ቤት ወጪና የትምህርቱን ክፍያ ከፍሏል። እድሳቱ ሲመጣ ግን ዋጋው ባለበት ነበር።

ባለበት ማለት ርካሽ ማለት አይደለም። ወንድሜ ንጹሕ መዝገብ ይዞ ከእኔ ከባለ ትኬቱ ይበልጥ ይከፍላል። ለሥራ ስለሚነዳ ነው ብለን ነበር። አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሌላው ግን ክሬዲቱ ነው። ወደዚህ አገር ከመጣ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ የብድር ታሪኩ አጭር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንሹራንሶች ዋጋ ሲያወጡ የክሬዲት ታሪክን ይጠቀማሉ። ይህ ነገር በእኔ በኩል ያናድደኛል፣ አልደብቅም። 74 የነዳሁት እኔ ነኝ፤ የክሬዲት ካርድ ዕዳ በሰዓቱ ስለከፈልኩ ግን ከጥንቁቁ ወንድሜ ያነሰ እከፍላለሁ። ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስና ሃዋይ ይህን ከልክለዋል። ካሊፎርኒያ ሕዝቡ በ1988 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው ሕግ መጀመሪያ የመንዳት መዝገብ፣ ከዚያ በዓመት የሚነዳው ማይል፣ ከዚያ የመንዳት ልምድ ዓመታት ይታዩ ተባለ። ሎስ አንጀለስ ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው «እዚህ ደግሞ በሌላው ያስከፍሉሃል» አለኝ። ይሆናል።

ስለ ካሜራ ሳልናገር ልለፍ ብል ጓደኞቼ አይለቁኝም። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ የምሠራው ዲሲ፣ የማስቀድሰው ሜሪላንድ ነው። በአንድ እሁድ ሦስት ዓይነት ሕግ ውስጥ አልፋለሁ። በፖስታ የመኪናህን ፎቶ የሚልኩልህ የፍጥነት ካሜራዎች ነጥብ አይዙብህም። የተነሣው ታርጋህ እንጂ አንተ አይደለህም። ስለዚህ የመንዳት መዝገብህ ላይ አይገባም። የዲሲውን ግን በጊዜው ካልከፈልክ እጥፍ ይሆናል። የሚገርመው ሰው ካሜራውን እንደ እባብ ይፈራል፤ ፖሊስ የጻፈለትን ወረቀት ግን እንደ እኔ ወጥ እያሞቀ ይከፍላል። «ሜሪላንድ ተይዤ ነው፣ ቨርጂኒያ አያውቁም» የሚልም አለ። ያውቃሉ። ግዛቶቹ የጥፋት መረጃ ይለዋወጣሉ፤ ሜሪላንድ የተፈረደብህን ዲኤምቪ በራሱ ነጥብ ለውጦ መዝገብህ ላይ ያሰፍረዋል።

አንዳንዱ ደግሞ ትኬት ተይዞ እድሳቱ ሳይጨምር ሲቀር «እኔን አልነኩኝም» ይላል። ኩባንያው በየእድሳቱ መዝገብህን ላይገዛ ይችላል። በሚቀጥለው ይገዛዋል።

እኔ ዋጋውን ለማውረድ ያልሞከርኩት የለም። ሦስት ሌላ ኩባንያ ጠየቅኩ፤ አንዱ በ40 ዶላር ወረደልኝና ተዛወርኩ። ያው ትኬት በተለያየ ሠንጠረዥ ሲታይ ዋጋው እንደሚለያይ ያየሁት ያኔ ነው። አነዳድህን የሚከታተል አፕ ስልክህ ላይ ጫን፣ ቅናሽ እንሰጥሃለን ሲሉኝም ጫንኩ። አፑ ባለቤቴ ስትነዳ እኔ ጎኗ ተቀምጬ እንኳ የፍሬን አረጋገጧን በእኔ ይጽፍብኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅንና አጠፋሁት።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ድምፅዋ የተሰበረ ነው። 45 በሆነ መንገድ 57 ስትነዳ ተይዛለች።

«አጎቴ፣ እናቴ እንዳትሰማ።»

«ከፈልሽ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ትኬቱን። ከፈልሽ ወይ?»

«አልከፈልኩም፣ ሰኞ ደሞዝ ሲገባ...»

«እሰይ። አትክፈዪ። ወረቀቱን አምጪና የቀጠሮውን ቀን አንብቢልኝ።»